ቡናው ከስኒው ወዲህ ሲፈስ፦ ከአንጎል መናወጥ በኋላ የዓይን ሐኪም ድርሻ

ታካሚዋ ጅማ መርካቶ አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጥ፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነ የልጆች እናት ናት። ወደ እኛ የዓይን ክሊኒክ የመጣችው ራሷን ከተመታች ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። እሱም ቢሆን ዓይኔን አመመኝ ብላ አይደለም። አንገቷ ወደ ግራ ተጣሞ ስለቀረ ወጌሻ ሲያሻት ሰነበተ። በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ ደንበኛዋ ቡናውን እየጠበቀ ሲያያት ቆየና "አንቺ፣ ስትቀጂ ለምንድነው አንድ ዓይንሽን የምትጨፍኚው?" አላት። "ካልጨፈንኩ ውጭ ላይ ይፈስብኛላ" አለችው። እሱ ነው ዓይንሽን ታዪ ብሎ የላካት። ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳብቀውን አስቀርቻለሁ።

አደጋው

ጊዜው ክረምት ነው። ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በኩል ወደ ከተማ ስትወርድ የተሳፈረችበት ባጃጅ በረጠበው ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ራሷን በቀኝ በኩል ብረቱ መታት። አብረዋት የነበሩ ሰዎች እንደነገሩን ለጥቂት ደቂቃ ራሷን ስታለች፤ ከነቃችም በኋላ "ልጆቹ የታሉ?" እያለች ያንኑ ጥያቄ ትደጋግም ነበር። ልጆቹ ቤት ነበሩ። እሷ ራሷ ባጃጁ ውስጥ ከገባች ወዲህ እስከ ድንገተኛ ክፍል አልጋ ድረስ ያለውን አታስታውስም። አንድ ጊዜ አስታውኳታል።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ንቃቷ በግላስጎው መለኪያ ከ15 14 ነበር፤ ከሰዓታት በኋላ 15 ሞላ። ሲቲ ስካን ተነሣች፤ የደም መፍሰስም ስብራትም የለም። አንገቷም በራጅ ታየ። ፓራሲታሞል ታዘዘላትና እረፍት አድርጊ ተብላ በማግስቱ ወደ ቤቷ ተላከች።

እስከዚህ ያለውን አልነቅፍም። የድንገተኛ ክፍል ዋና ሥራ ሰው እንዳይሞት ማድረግ ነው፤ ያንን አድርገዋል። ሲቲ ስካን ደምና ስብራት ያሳያል፤ የተናወጠ አንጎል ግን በሲቲ ስካን አይለይም፤ በዚህ ዓይነት ጉዳት ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። በግላስጎው መለኪያ ከ13 እስከ 15 ያገኘ የጭንቅላት ጉዳት "ቀላል" ይባላል። ቀላል የተባለው ከሞት ስጋት አንጻር ነው። ችግሩ ይህ ቃል ከታካሚዋ ጋር ቤት መግባቱና ባሏም፣ እናቷም፣ ጎረቤቱም "ቀላል ነው ተብሎ የለም እንዴ?" ማለታቸው ነው።

ቤት ውስጥ ያለፉት ሳምንታት

መጀመሪያ ራስ ምታትና ማዞር ነበር። ከደጅ የሚገባው ብርሃን ዓይኗን ይወጋታል። ዘመድ ሁሉ "ተኚ፣ አትንቀሳቀሺ" ስላላት መስኮቱ በጋቢ ተጋርዶ ከሦስት ሳምንት በላይ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝታ ከረመች። ወደ ሥራ ስትመለስ ሌላው ጣጣ ተገለጠ። የዱቤ ደብተሯ ላይ መስመሩ ከመስመር ይደራረብባታል። ደረጃ ስትወርድ እግሯ የት እንደሚያርፍ ያጠራጥራታል። ቡና ስትቀዳ ደግሞ ረከቦቱ ላይ የደረደረችው ስኒ ሁለት ረድፍ ሆኖ ይታያታል። ቤተሰቧ የቀረውን ሁሉ "ድንጋጤ ነው" ብሎ አለፈው፤ የፈሰሰው ቡና ግን ገንዘብ ነውና እሱን ማለፍ አልተቻለም።

እናቷ ጸበል ወሰዷት፤ አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤት ደግሞ ዱዓ አስደረጉላት። ጅማ እንዲህ ናት። "ሁለቱም ልቤን አሳርፎልኛል ዶክተር" ብላኛለች፤ እኔም አልተቃወምኩም። የተቃወምኩት የወጌሻውን ነው። ማሸቱ በቅቤ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ነገር ግን የተጣመመውን አንገት "ለማቃናት" ወደ ቀኝ ይጠመዝዘው ነበር። ራሱን ተመትቶ የሰነበተ ሰው አንገት በኃይል አይጠመዘዝም። በአንገት አጥንት ውስጥ ሽቅብ ወደ አንጎል የሚያልፉ የደም ሥሮች አሉ፤ እነሱ ተቀደዱ ማለት ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ደግሞም አንገቷ የታመመ አልነበረም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በመሃል ሁለት ቦታ ዓይኗን ታይታለች። አንዱ መነጽር ቤት ነው፤ ለማንበብ ብሎ ፕላስ 1 መነጽር ሸጠላት። ሌላው የፊደል ሰሌዳ አስነብቧት "6/6 ነሽ፣ ዓይንሽ ጤነኛ ነው" አላት። ልኬቱ ውሸት አይደለም፤ እኛም ስንለካት 6/6 ነበረች። የሰሌዳው ምርመራ ግን አንዱን ዓይን በእጅ ሸፍኖ በሌላው የኢ ምልክቱ እግር ወዴት እንደዞረ ማሳየት ነው። አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት የሚመጣው ሁለቱ ዓይኖች ባለመስማማታቸው ነውና አንዱ በተሸፈነ ቅጽበት ይጠፋል። ስለዚህ የሷን ችግር ያ ምርመራ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም አያገኘውም ነበር። ራሱን ተመትቶ "ብዥ ይልብኛል" ለሚል ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አንዱን ዓይንህን ስትጨፍን ይተውሃል? አዎ ካለ ጉዳዩ የሁለቱ ዓይኖች ቅንጅት ነው። ጨፍኖም ካልተወው ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

ምርመራው

ለእንዲህ ያለ ታካሚ የምርመራው ቅደም ተከተል ራሱ ሕክምና ነው ማለት ይቻላል። የዓይን ብሌንን የሚያሰፋው ጠብታ የማተኮር ጡንቻውንም ስለሚያደነዝዝ መጀመሪያ ጠብታ አድርጎ የጀመረ ሰው የቅርብ እይታን መለካት አይችልም። ስለዚህ ጠብታው መጨረሻ ላይ ይደረጋል። አደጋው ትኩስ ከሆነና ታካሚው ገና ክትትል ላይ ካለ ደግሞ ጨርሶ ባይደረግ ይሻላል። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች የብሌኑን መጠን በየሰዓቱ እያዩ አንጎል ውስጥ ግፊት መጨመር አለመጨመሩን ይከታተላሉና እኛ በጠብታ አስፍተን ምልክቱን ልናጠፋባቸው አይገባም። የሷ ሰባት ሳምንት ያለፈው ስለነበረ ይህ ስጋት አልነበረም።

መጀመሪያ የሚያስፈራውን ፈለግን። ብሌኖቿ እኩል ናቸው፤ ባትሪውን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ስናዞርም ሁለቱም በእኩል ይጠባሉ፤ ስለዚህ የእይታ ነርቧ በምቱ አልተጎዳም። በጎንና በጎን የምታየው ሜዳ ሙሉ ነው። መጨረሻ ላይ አስፍተን ስናይ የእይታ ነርቡ ራስ አላበጠም፣ ሬቲናውም አልተቀደደም። የነርቡን ራስ ለማየት ማንንም ታካሚ አልዘልም። በአንጎልና በሽፋኑ መካከል ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ንጹሕ ከሆነ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ያበጠ የነርብ ራስ አንዳንዴ የዚያ ማስጠንቀቂያ ነው። ያን ያየ የዓይን ሐኪም መነጽር መለካቱን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይልካል።

ይህ ካለፈ በኋላ ወንበሩ ላይ አስቀምጠን ምንም ሳንነካት ዝም ብለን አየናት። ራሷ ወደ ግራ ትከሻዋ ዘንበል ብሏል፤ አገጯ ትንሽ ወደ ደረቷ ወርዷል። ቀስ ብዬ አቃናሁላት። ወዲያው "አሁን ሁለት ሆንክ" አለችኝ። እስከዚያ "እርስዎ" ስትለኝ ነበር፤ ድንጋጤው አስረሳት። እናቷ "ኧረ በስመ አብ" ብለው ተነሡ።

ይህ ጉዳይ ለብዙ ሰው ግልጽ ያልሆነው እዚህ ላይ ነው። አንገቷ የተጣመመው ምቱ ስላጣመመው አይደለም። ራሷን ወደ ግራ ስታዘነብል ሁለቱ ምስሎች አንድ ይሆኑላታል። አንጎሏ ይህን አግኝቶት ሳትነግረው ይሠራበት ነበር። ወጌሻው በየሁለት ቀኑ የሚያቃናው ያገኘችውን አንድ መፍትሔ ነበር።

አንገቱ የቆየ ይሁን አዲስ ለማወቅ የቀበሌ መታወቂያዋን ጠየቅን። አንዳንድ ሰው ከልጅነቱ የደከመ የዓይን ጡንቻ ይዞ፣ ራሱን እያዘነበለ ችግሩ ሳይታወቅ ይኖርና አንድ ቀን ራሱን ሲመታ ያ የቆየ ድክመት ይወጣበታል። የመታወቂያው ፎቶ ላይ አንገቷ ቀጥ ያለ ነው። ስልኳ ውስጥ ያሉት የሠርግና የልደት ፎቶዎችም እንደዚያው። ስለዚህ አዲስ ነው።

ቀጥሎ አንዱን ዓይን እየሸፈንን እየገለጥን፣ ፕሪዝም (ብርሃንን ወደ አንድ ጎን የሚያጣምም መስተዋት) እየደቀንን ለካን፤ መለኪያው ፕሪዝም ዳይኦፕተር ይባላል፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ዓይኖቹ ይበልጥ ተዛንፈዋል ማለት ነው። ቀኝ ዓይኗ ከግራው ከፍ ብሏል፤ ፊት ለፊት ስታይ 8 ፕሪዝም ዳይኦፕተር። ወደ ግራ ስታይ 14 ይደርሳል፤ ወደ ቀኝ ስታይ 3 ብቻ ነው። ራሷን ወደ ቀኝ ስናዘነብለው 15 ሆነ፤ ወደ ግራ ሲሆን 2። ይህ አሜሪካዊው የሕፃናት ዓይን ሐኪም ማርሻል ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1958 ያቀረበው የሦስት እርምጃ ምርመራ ነው፦ የትኛው ዓይን ከፍ አለ፣ ወዴት ሲታይ ይብሳል፣ ራስ ወዴት ሲዘነበል ይብሳል። ከመሸፈኛና ከፕሪዝም ሌላ መሣሪያ አይፈልግም፤ መብራት በሚጠፋበት ቀንም ይሠራል። የሦስቱ መልስ ሲገጣጠም ጣቱን የቀሰረው በቀኝ በኩል ባለው አራተኛው የአንጎል ነርቭ ላይ ነው።

አራተኛው ነርቭ

ከ12ቱ የአንጎል ነርቮች ስድስቱ በአንድም በሌላም መንገድ ከዓይን ጋር ሥራ አላቸው። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ሦስት ናቸው፦ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው። ከእነሱ አራተኛው ቀጭን ነው፤ ከአንጎል ግንድ በስተጀርባ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው፤ ራስ ቅል ውስጥ የሚሄደው መንገድም ከሁሉም ይረዝማል። ግንዱን ዞሮ፣ አንጎልን ከታችና ከላይ በሚከፍለው ጠንካራ ሽፋን ጠርዝ ሥር አልፎ ነው ወደ ፊት የሚመጣው። ራስ ተመትቶ አንጎል ሲናወጥ ነርቡ ከዚያ ጠርዝ ጋር ይጋጫል ወይም ይወጠራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሲቲ ስካን ምንም ላያሳይ ይችላል።

ነርቡ የሚያዝዘው አንድ ጡንቻ ነው። ጡንቻው ዓይንን በተለይ ወደ አፍንጫ ዞሮ ሳለ ቁልቁል ይስበዋል፤ ዓይን በራሱ ዙሪያ እንዳይዞርም ያስተካክላል። ወደ ታችና በቅርብ የሚታይ ሥራ ሁሉ የሱ ነው፦ ማንበብ፣ መስፋት፣ ደረጃ መውረድ፣ ስኒ ላይ ቡና መቅዳት።

ምርመራውን ከጨረስን በኋላ ከግቢያችን ቡና ከምታፈላው ልጅ ረከቦትና ጀበና አስመጣን። በመጽሐፍ የለም፤ ግን ሰው የሚቸገርበትን ሥራ ራሱን ማየት የሚያህል ምርመራ አላውቅም። ሁለቱን ዓይኖቿን ገልጣ፣ አንገቷን አቅንታ እንድትቀዳ ጠየቅናት። ቡናው ከስኒው ወዲህ፣ ወደ እሷ በኩል፣ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። በስኒው ወዲያ ማዶ አንድም ጊዜ አልፈሰሰም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከፍ ያለ ዓይን የሚያየው ምስል ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ጠረጴዛ ላይ ወደ ታች ለሚያይ ሰው "ዝቅ ያለ" ማለት ወደ ራሱ የቀረበ ማለት ነው። እሷ የምትቀዳው ቀኝ ዓይኗ ወደ ፈጠረው የውሸት ረድፍ ነበር። ጠጋ ብዬ "ሁለቱ ረድፎች ትይዩ ናቸው?" አልኳት። "አይ፣ የወዲህኛው ትንሽ ያጋደለ ነው" አለች። ይህም ዓይኗ በራሱ ዙሪያ መዞሩን ነገረን፤ ስንለካው 5 ዲግሪ ነበር። ከ10 ቢያልፍ የሁለቱም ጎን ነርብ ተጎድቷል ብለን እንጠረጥር ነበር፤ ከባድ ምት ላይ ያም አይታጣም።

ሌላም ነገር ነበረባት። ሁለቱ ዓይኖች የቀረበን ነገር ለማየት ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ የብዕር ጫፍ ወደ አፍንጫ እያቀረቡ አንዱ ሁለት የሚሆንበትን ርቀት መለካት ነው። በጤነኛ ሰው እስከ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የሷ 14 ላይ ተሰነጠቀ። ዓይኗን ከአንድ ጣት ወደ ሌላ ጣት በፍጥነት እንድታመላልስ ስንጠይቃት ራስ ምታቷ ተባባሰ፤ ራሷን እያወዛወዘች አንድ ነጥብ እንድታይ ስናደርግ ደግሞ አቅለሸለሻት። ይህ ከአንጎል መናወጥ በኋላ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል የወጣ ጥናት ራሳቸውን የተመቱ 100 ታዳጊዎችን መርምሮ 69ኙ ላይ ቢያንስ አንድ የእይታ ችግር አግኝቷል፤ ከመቶዎቹ ከሞላ ጎደል ግማሾቹ በቅርብ ማተኮር፣ ግማሾቹ ዓይን ወደ ውስጥ ማስገባት ይቸግራቸው ነበር። ታካሚዎቹ ወደ ልዩ ክሊኒክ የተላኩ ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ማንኛውም የተመታ ሰው ማዞር አይገባም። ግን ራሱን የተመታ ሰው "ማንበብ አቃተኝ" ሲል ሰነፈ ከማለት በፊት ዓይኑን መለካት እንዳለብን ይነግረናል።

ምን አደረግን

መጀመሪያ የተውነውን ልናገር። ፕላስ 1 መነጽሩን አስቆምን፤ ችግሯ የማተኮር አልነበረም። ወጌሻውን አስቆምን። ቤት ውስጥ ስታደርገው የቆየችውን ጥቁር መነጽርም ከደጅ ፀሐይ በቀር እንድትተው ነገርናት፤ ዓይን ጨለማ በለመደ ቁጥር ብርሃን የባሰ ይወጋዋል። ጨለማ ክፍሉም አበቃ። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡት የዘርፉ ባለሙያዎች የተስማሙበት መመሪያ ከአንጎል መናወጥ በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መለስተኛ እረፍት፣ ከዚያ ምልክቱን ብዙ የማያባብስ ቀላል እንቅስቃሴ ይላል። መመሪያው ለስፖርተኞች ነው የተጻፈው፤ ቢሆንም ሰው ሳምንታት ጨለማ ውስጥ ቢተኛ ይሻለዋል የሚል ዘመናዊ ምክር አላውቅም። ጠዋት ጠዋት እንድትራመድ፣ ሥራውን በግማሽ ቀን እንድትጀምር ተስማማን።

አራተኛው ነርቭ ሲጎዳ ወዲያው የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የለም። በምት የመጣና በአንድ ጎን የሆነ ከሆነ ብዙዎቹ በስድስት ወር ውስጥ በራሳቸው ይሻሻላሉ፤ መዛነፉ ሳይረጋ የተቆረጠ ጡንቻ በኋላ ነርቡ ሲያገግም በተቃራኒው ሊያዛንፍ ይችላል። ታዲያ እስከዚያ ሰው እንጀራውን እንዴት ይብላ? ነጭ መስተዋት ያለው መነጽር አሠራንላትና በቀኙ መስተዋት የታችኛው ግማሽ ላይ ብዥ ያለ ስኮች ለጠፍን። ቀና ስትል በሁለቱም ዓይኖቿ ታያለች፤ ቁልቁል ስታይ የቀኙ ስለሚጋረድ ሁለተኛው ረድፍ ይጠፋል። ዋጋው የስኮች ዋጋ ነው። ዓይን ሙሉ በሙሉ ከማሰር ይሻላል፤ መንገድ ስትሻገር ርቀት መገመት አለባትና።

ቀጥሎ በመነጽር ላይ የሚለጠፍ ስስ የፍሬኔል ፕሪዝም ከአዲስ አበባ አስመጣን። ኦገስታን ፍሬኔል የተባለው ፈረንሳዊ ለባሕር መብራት ማማ የፈጠረው የተሸነሸነ መስተዋት ነው፤ በፕላስቲክ ተሠርቶ ለዓይን ሕክምና ውሏል። ወፍራም ጎኑ ቁልቁል ሆኖ ቀኙ መስተዋት ላይ 8 ዳይኦፕተር ሲለጠፍ ፊት ለፊትና ትንሽ ወደ ታች ያለው ሁሉ አንድ ሆነላት። ማጋደሉን ግን ፕሪዝም አያስተካክልም፤ ያንን አስቀድመን ነገርናት። መጀመሪያ "መስተዋቱ ይጭበረበራል" ብላ አልወደደችውም ነበር። ከሳምንት በኋላ አንገቷ ግማሽ መንገድ ቀንቶ መጣች፤ አንገቷን ማንም አልነካውም።

ዓይን ወደ ውስጥ የማስገባት ልምምዱን ሆን ብዬ አዘገየሁት። ሽቅብ ቁልቁል የተዛነፈ ዓይን እያለ ወደ ውስጥ አግቢ ማለት ራስ ምታት መግዛት ነው። ፕሪዝሙን ከለመደች በኋላ በረጅም ክር ላይ ሦስት ጨሌ ሰክተን፣ የክሩን አንድ ጫፍ በር ላይ አስራ ሌላውን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ከአንዱ ጨሌ ወደ ሌላው እንድታይ አስተማርናት፤ ቤት አምስት አምስት ደቂቃ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ በየሳምንቱ። ሰው ቤቱ ብቻ እንዲሠራ መላክ ብዙ አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ዓይን ወደ ውስጥ ማስገባት የሚቸግራቸው 221 ልጆች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ከ12 ሳምንት በኋላ በክሊኒክ በባለሙያ የተመሩት 73 በመቶ ሲሻላቸው፣ ቤት ውስጥ እርሳስ ወደ አፍንጫ ማቅረብ ብቻ የሠሩት 43 በመቶ፣ የማስመሰያ ልምምድ የተሰጣቸውም 35 በመቶ ተሽሏቸዋል። እነዚያ ልጆች ራሳቸውን የተመቱ አልነበሩም፤ ለተመታ ሰው ያለው ማስረጃ ከዚህ የሳሳ ነው። ስለዚህ "የዓይን ልምምድ የአንጎል መናወጥን ይፈውሳል" የሚል ማስታወቂያ ሳይ እቆጣለሁ። ልምምዱ ዓይን ወደ ውስጥ መግባቱን ይረዳል፤ ለማስታወስ ችግር፣ ለእንቅልፍ እጦት፣ ለመከፋት አይደለም።

ማዞሯም ከፊሉ ከዓይን አልነበረም። አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገላበጥ ክፍሉ ይሽከረከርባታል። አስተኝተን ስናየው ዓይኗ በራሱ እየዞረ ይርገበገብ ነበር፤ ሚዛን ለመጠበቅ የሚረዱት የውስጥ ጆሮ ጥቃቅን ድንጋዮች ከቦታቸው የወጡበት ሰው ምልክት ነው፤ ከራስ ምት በኋላ ይበዛል። ይህን እኛ አናክምም። የአንገቷን ራጅ ይዛ ወደ ፊዚዮቴራፒስት ላክናት፤ ራስን በቅደም ተከተል በሚያዞረው ዘዴ በጥቂት ቀን ተገላገለች። የዓይን ሐኪም እዚህ ላይ ያለው ድርሻ ማየትና ለሚመለከተው ማስተላለፍ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ

ኅዳር ላይ መዛነፉ ከ8 ወደ 4 ወረደ፤ ፕሪዝሙን በደካማ ለወጥነው። የብዕሩ ጫፍ 9 ሳንቲ ሜትር ድረስ አንድ ሆኖ መቅረብ ጀመረ። የካቲት ላይ ፊት ለፊት 1፣ ወደ ግራና ቁልቁል ስታይ 4 ቀረ፤ ብዕሩም 6 ላይ ደረሰ። ፕሪዝሙ ተነሣ። አንገቷ ቀጥ ብሏል፤ ቡናው ስኒው ውስጥ ይገባል። ሙሉ ቀን ትሠራለች። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ራስ ምታቱ አሁንም ይመለስባታል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራባት ሒሳብ ይጠፋታል። ያንን የሚከታተላት ሌላ ሐኪም ነው።

ብዙም የማይነገረው የሥራችን ክፍል ወረቀቱ ነው። ወንድሟ ከባጃጁ የሦስተኛ ወገን መድን ካሳ ለመጠየቅ የሕክምና ማስረጃ ፈለገ። እጁ ላይ የነበረው የመጀመሪያው ወረቀት የሚለው "ሲቲ ስካን ኖርማል፣ ቀላል ጉዳት" ብቻ ነው። ወደ እኛ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት "ቋሚ ጉዳት ብለህ ጻፍልን፣ አንተ ካልጻፍክ ማን ይጽፍልናል" አለኝ። አልጻፍኩም፤ ነርቡ ሊያገግም የሚችልበት ጊዜ ገና ነበር። የጻፍኩት በዚያን ቀን የታየውን ነው፦ የነርቡን ስም፣ ልኬቱን፣ ወደ ታች ስታይ አንዱን ሁለት እንደምታይ፣ ሥራዋ ይህን እይታ እንደሚጠይቅ፣ የመጨረሻው አስተያየት ከስድስት ወር በፊት ሊሰጥ እንደማይችል። ወንድሟ ተናዶ ሄደ።

የካቲት ላይ ሁለተኛውን ጻፍኩ። አሁን ያለው ወደ ግራና ቁልቁል ጥግ ስታይ ብቻ የሚታይ መጠነኛ ድርብ እይታ ነው፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ለሰባት ወር ያህል ግን በሙሉ አቅሟ መሥራት እንዳልቻለች እያንዳንዱ ልኬት ከተወሰደበት ቀን ጋር ተያይዞ ያሳያል። የመድን ድርጅቱ አንድ ጥያቄ መልሶ ልኳል፦ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ከሆነ የነርቡ ጉዳት ከአደጋው መምጣቱ በምን ይታወቃል? የመታወቂያዋንና የቀድሞ ፎቶዎቿን ቅጂ፣ የዓይኗ መዛነፍ በየወሩ እየቀነሰ የሄደበትን ሰንጠረዥ አያይዘን መልሰናል፤ የቆየ ድክመት እንዲህ አይቀንስም። መልሱ ገና አልመጣም። የሷ ቀጣይ ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው።